ለአጥቢያችን ካህናት «እግዚአብሔር ይስጥልን» የምንልበት መንገድ፦ ከመንዝ እስከ ምንጃር ላሉ ምእመናን የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ካህናት ልጆቻችንን በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ያነሣሉ፤ ስንጋባ ይባርኩናል፤ ስንታመም ጠበል ይዘው ደጃችን ይደርሳሉ፤ ስንሞት ፍትሐት ያደርሱልናል። ይህን ሁሉ ከመልመዳችን የተነሣ ምስጋናችንን ለበዓል ቀን እናቆየዋለን። በበዓል ቀን ደግሞ መንደሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠራቸዋል። ስድስት ሰባት ቤት ገብተው በየቤቱ «በሞቴ» እየተባሉ ይጎርሳሉ፤ በማግሥቱ ማንም ዘወር ብሎ አያያቸውም።

ይህ መመሪያ ከዚያ ለየት ያለ ነገር ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ነው። መነሻ ሐሳቤ አንድ ነው፦ ምስጋና የሚጠቅመው የካህኑን ሰሞን (የአገልግሎት ተራ ሳምንት)፣ ጾምና ኑሮ አውቆ ሲመጣ፣ በእርሳቸውም ላይ ሌላ ወጪና ሌላ ድካም ሳይጨምር ሲቀር ነው። ገንዘብ ያለውም የሌለውም ሊያደርገው ይችላል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ብዙ የገጠር ካህናት ከአገልግሎታቸው ጋር የተያያዘ የሰሞን መሬት ነበራቸው። አዋጁ ከወጣ በኋላ ያ ቀረ፤ አጥቢያዎች በሰበካ ጉባኤ በኩል ከምእመናን አስተዋፅኦ፣ ከስለትና ከሙዳየ ምጽዋት በሚገኝ ገቢ መተዳደር ያዙ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ገቢ ባለው ደብር የሚያገለግል ካህን የወር ደመወዝ አለው፤ ከደመወዙ ላይ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያስተምራል። ከከተማው ወጣ ብሎ በመንዝ፣ በመርሐቤቴ ወይም በቡልጋ ባለች ትንሽ አጥቢያ ግን ካህኑ እንደ ጎረቤቱ የሚያርስ፣ የሚያጭድ፣ ከብት የሚያግድ ገበሬ ነው። ሌሊቱን ሰዓታት ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ሞፈር ይሸከማል። ለከተማው ካህን የሚሆነው ምስጋና ለገጠሩ ላይሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ፦ ማን ማን እንደሚያገለግል እወቁ

አብዛኞቻችን የምናውቀው የንስሐ አባታችንንና ከቅዳሴ በኋላ መስቀል የሚያሳልሙንን ቄስ ነው። አንድ ቅዳሴ ለመቀደስ ግን ቢያንስ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ከእነርሱ ሌላ ማኅሌቱን የሚመሩት መሪጌታ አሉ፤ ተማሪ የሚያስተምሩት የኔታ አሉ፤ ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ አሉ፤ የመገበሪያውን ስንዴ ለቅመው የሚፈጩት እማሆይ አሉ፤ ደወሉን በሌሊት የሚደውለው ዘበኛም አለ። ምስጋና ሁልጊዜ ፊት ለፊት ለሚታዩት ይደርሳል፤ ከኋላ ያሉት ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው ስማቸውን ጠርቶ ሳያመሰግናቸው ያልፋል።

ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ስማቸውን በወረቀት ጻፉ። የማታውቁትን ከሰበካ ጉባኤ አባላት ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጠይቁ። ከስሙ ጎን ሦስት ነገር ብቻ አስፍሩ፦ ቤታቸው የት እንደሆነ፣ ባለትዳር ወይስ መነኩሴ መሆናቸውን፣ ልጆችና የሚጦሯቸው ሽማግሌዎች እንዳሉ። ከዚህ በላይ መጠያየቅ ተገቢ አይደለም።

አጠራሩም ምስጋና ነው። ቄሱን «አባ» ወይም «አባቴ»፣ የዜማና የቅኔ መምህሩን «የኔታ»፣ መነኮሳይቷን «እማሆይ» በሏቸው። ዲያቆኑ በዕድሜ ልጃችሁ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ፊት ግን «ዲያቆን እገሌ» ብላችሁ ጥሩት። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ በሌሊት ተነሥቶ ለቅዳሴ የሚሮጠው እኩዮቹ ተኝተው ሳለ ነው።

ቀጥሎ፦ ሰሞናቸውንና ጾማቸውን ጠይቁ

በብዙ አጥቢያ ካህናት አገልግሎቱን በሰሞን ይከፋፈላሉ። ሰሞነኛው ካህን ሳምንቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አይርቁም፤ የቤታቸው ሥራ የሚጓደለው በዚያ ሳምንት ነው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። መስቀል በምትሳለሙበት ሰዓት ግን ወሬ አትጀምሩ፤ ከኋላችሁ ሰልፍ አለ። ሕዝቡ ሲበታተን ጠጋ ብላችሁ እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦

— ይፍቱኝ አባ። እንደምን ሰነበቱ?

— እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ቤተሰቡ ደኅና ነው?

— ደኅና ነው አባ። ሰሞኑ የእርስዎ ነው?

— አዎ፣ እስከ እሑድ።

— እንግዲያው እስከ እሑድ ውኃውንም ከብቱንም ልጆቼ ያዩታል። እማማን ነግሬያቸው እሄዳለሁ።

ይህች አጭር ንግግር ከአንድ ሰሐን ዶሮ ወጥ ትበልጣለች። ለካህኑ የነገረቻቸው ነገር አለ፦ ሰሞን መግባታቸውን የሚያውቅና ቤታቸውን የሚያስብ ሰው መኖሩን።

የጾሙ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚቀድሱ ካህናት ከቅዳሴው በፊት 18 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም። በማለዳ ለቀዳሽ ቄስ ቡና ይዞ መሄድ ደግነት ቢሆንም ሊጠጡት አይችሉም፤ «አልችልም» እያሉ ሲያስረዱ ደግሞ እናንተም እርሳቸውም ትሳቀቃላችሁ። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ቅዳሴው የሚገባው ቀን ላይ ስለሆነ የሚበላ ነገር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አታድርሱ። ከበዓለ ኀምሳ፣ ከገናና ከጥምቀት በቀር ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ ጾም ናቸው፤ ቅቤ የነካው ማሰሮ የጾም ወጥ አይሠራበትም። መነኩሴ ሥጋ አይበሉም፤ በፋሲካም ቢሆን ለእርሳቸው የሽሮ ወይም የአትክልት ወጥ ለይታችሁ አዘጋጁ እንጂ «ዛሬማ ይብሉ» ብላችሁ አትለምኗቸው።

የታቦቱንና የሰውየውን ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ የመገበሪያ ስንዴ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ አልባሳት የቤተ ክርስቲያኑ ናቸው። በሰበካ ጉባኤ በኩል ገቢ ይደረጋሉ፤ ደረሰኝ ይቆረጥላቸዋል። አሥራትም ስለትም እንዲሁ። ይህ ለእግዚአብሔር ቤት የሚሰጥ ነው፤ የካህኑን ጓዳ አይሞላም።

ለካህኑ እንደ ሰው የሚሰጠው ሌላ ነው፤ በቤታቸው ወይም በእጃቸው ይሰጣል። ሁለቱን ካቀላቀላችሁ ካህኑ ይቸገራሉ። ሃምሳ ኪሎ ስንዴ ደጀ ሰላም አውርዶ «ለእናንተ ነው» ብሎ የሄደ ሰው ካህናቱን ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሊያነታርካቸው ይችላል። ስታመጡ በግልጽ ተናገሩ፦ «ይህ ለመገበሪያ፣ ይህች ደግሞ ለቤትዎ ናት አባ።» አንዳንድ አባቶች ለራሳቸው የተሰጣቸውንም ለቤተ ክርስቲያን ያውላሉ። ቅር አይበላችሁ፤ ከሰጣችሁ በኋላ የእርሳቸው ነው።

ንስሐ የምትገቡበት ቀን ምንም ስጦታ አትያዙ። የኃጢአት ይቅርታ ክፍያ ያለው ሊመስል ይችላል፤ ለካህኑም ለእናንተም አይበጅም። ሌላ ቀን ውሰዱት።

ምን እናድርግ?

ከሁሉ የሚቀለው ቃል ነው። ትምህርት ሲያልቅ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» እንላለን፤ መልካም ነው። ከዚያ አልፋችሁ ደግሞ አንዲት የተወሰነች ነገር ጥቀሱላቸው። «አባ፣ ባለፈው እሑድ ስለ እርቅ ያስተማሩት ከወንድሜ ጋር አስታርቆኛል» የሚል ሰው ለአስተማሪ ትልቅ ብርታት ይሰጣል። ለመሪጌታም እንዲሁ፦ «ትናንት ሌሊት የመሩት ወረብ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም» በሏቸው። የማይመስላችሁን ግን አትናገሩ፤ ካህን የሽንገላ ምስጋና ከሩቅ ይለያል።

መናገር የሚያፍር ሰው ይጻፍ። ካርድ መግዛት አያስፈልግም፤ ከደብተር የተቀደደ ንጹሕ ወረቀት ይበቃል። ለምሳሌ፦

«ለክቡር አባታችን ቄስ ___፦ በቅድሚያ መስቀልዎን እሳለማለሁ። እናቴ ባረፈች ጊዜ ከለቅሶው ቀን እስከ አርባዋ ድረስ አልተለዩንም። በዝናብ መጥተው ያደረሱትን ጸሎት ቤተሰባችን አይረሳውም። እግዚአብሔር የአገልግሎት ዘመንዎን ይባርክልን። በጸሎትዎ አስቡን። ልጅዎ ___።»

ይህን ያህል ነው። ደብዳቤው የሆነውን ነገር ይጥቀስ፤ የምስጋና ቃል ብቻ ከደረደረ ለማንም ሊጻፍ የሚችል ይሆናል። ክርስትና ስማችሁንም ጨምሩ፤ በጸሎት የሚያስቧችሁ በእርሱ ነው።

ትኩስ ነገር ደግሞ በዚህ አገር የተለየ ቦታ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። የኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ቆመው ያደሩ ሊቃውንት ቅዳሴ ወጥቶ ወደ ደጀ ሰላም ሲገቡ ጣታቸው በድን ሆኖ የብርጭቆ እጀታ እንኳ አይጨብጥላቸውም። ያኔ አንዲት ጎረቤት የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ሞልታ ስትደርስ ማየት ነው፤ መሪጌታው መቋሚያቸውን በብብታቸው ደግፈው፣ ብርጭቆውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው፣ ከመጠጣታቸው በፊት እንፋሎቱን ፊታቸው ላይ ያሳርፉታል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ፔርሙዝ፣ አንድ ጣሳ ዱቄትና ከእንቅልፍ ቀደም ብሎ መነሣት ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ከበዓሉ ዋዜማ ቀን አስተናጋጁን ወይም ቄሰ ገበዙን «ነገ ቅዳሴ ሲወጣ ትኩስ ነገር ላምጣ?» ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ሌላ ሰው ይዞት እንደሆነም ታውቃላችሁ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ወተትና ቅቤ አይግባበት፤ በጨውና በትንሽ ዝንጅብል ይበቃል። ብርጭቆውን ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አጥባችሁም ይዛችሁ ተመለሱ። እማሆይ የእናንተን ብርጭቆ ሲያጥቡ ካረፈዱ ምስጋናው ሥራ ሆነባቸው ማለት ነው። ቆሎ ወይም በሶ ብትጨምሩ መልካም ነው። ዘበኛውን አትርሱ፤ ሌሊቱን ውጭ ያደረው እርሱ ነው።

ልብስ ስትሰጡ አገሩን እዩ። በመንዝና በጣርማበር ላሉ አባት ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ወይም ወፍራም ጋቢ ዓመታት ያገለግላል። ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ግን ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ባና ምን ያደርግላቸዋል? ስስ ነጠላ ወይም ለጥምጥም የሚሆን ነጭ ሻሽ ይሻላል። ነጭ ልብስ ለባሽ ሳሙና ይጨርሳል፤ ጥቂት ሳሙናና ኦሞ በፌስታል አድርጎ ለቤታቸው ማድረስ ተራ ቢመስልም ሁልጊዜ ይፈለጋል። ለሌሊት መንገድ የእጅ ባትሪ፣ ለክረምት ጥላና ቦቲ ጫማ፣ ዓይናቸው ለደከመ መሪጌታ ደግሞ ወደ ሐኪም ወስዶ በልካቸው መነጽር ማሠራት ይቻላል። መነጽር ከገበያ በግምት አትግዙ።

ከተማ ውስጥ ሌሎች ቀላል መንገዶች አሉ። ባጃጅ ውስጥ አብራችሁ ከተሳፈራችሁ ሒሳባቸውን ክፈሉ። መኪና ያላችሁ ከለቅሶ ቤት ወይም ከቀብር ስትመለሱ ፍትሐት ያደረሱትን አባት ሳትጠይቁ አትሂዱ፤ ይዘናቸው እንመጣለን፣ መመለሻውን ግን እንረሳለን። የንስሐ ልጅ የበዛባቸው አባት ስልካቸው አያርፍም፤ የሃምሳ ብር የሞባይል ካርድ መላክም አንድ ነገር ነው።

ደቦ፦ ለገጠር ካህን ከሁሉ የሚበልጠው

በገጠር ለሚኖር አንባቢ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ቢሉኝ ይህን እለዋለሁ። በመኸር ጊዜ ካህኑ ሰሞን ገብተው ሳለ እህላቸው ማሳ ላይ ደርሶ ይቆማል። ጅሩ ላይ ስንዴው፣ ምንጃር ላይ ጤፉና ሽምብራው፣ መንዝ ላይ ገብሱ ሰው አይጠብቅም፤ አንድ ቀን ያልታሰበ ዝናብ ወይም በረዶ ቢወርድ የዓመት ቀለብ ይጠፋል። ስምንት አሥር ጎረቤት አንድ ቀን ማጭድ ይዞ ቢወጣ ግን እስከ ማታ ያልቃል።

ቀኑን ስትመርጡ በዓል አለመሆኑን አረጋግጡ፤ የካህን ማሳ ላይ በበዓል ቀን ማጭድ ማንሣት ነውር ነው። ከቀኑ በፊት ለካህኑ ወይም ለባለቤታቸው ንገሩ። ዋናው ነገር ስንቁ ነው። በተለመደው ደቦ ባለቤቱ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ ወጥ ሠርቶ ያበላል። አሥር አጫጅ ማብላት ለካህኑ ቤት ምን ያህል ወጪ እንደሆነ አስቡት፤ የደቦው ጥቅም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ «ስንቃችንን ይዘን ነው የምንመጣው፤ ምንም እንዳትደግሱ» በሉ፤ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ጠላውንም ከየቤታችሁ ይዛችሁ ውጡ። ባለቤታቸው ባዶ እጃቸውን መቆም ስለማይችሉ ቡና ያፍሉ ይሆናል፤ እርሱን ጠጡ። አጨዳው አልቆ ውቂያው ከቀረ ተመለሱ፤ ግማሽ ላይ የተተወ ሥራ ባለቤቱን ሌላ ሰው ፍለጋ ያስወጣዋል።

ጉልበት የሌለው ሰው ዶማ፣ በሬ ወይም አህያ ለአንድ ቀን ሊያውስ ይችላል። ልጆች ደግሞ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ከብት ማገድ ይችላሉ።

እንዴት እንስጥ?

በሁለት እጅ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ በአጭር ቃል። ገንዘብ ከሆነ በፖስታ ወይም በተጣጠፈ ወረቀት አድርጉት፤ ሰው እያየ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። «ለሳሙና ትሁን አባ» ማለት ይበቃል። ካህኑ «ተይው ልጄ፣ ለራስሽ ያስፈልግሻል» ቢሉ አንዴ ወይም ሁለቴ ለምኑ፤ ሦስተኛ ካሉ አትጫኗቸው። በሌላ ጊዜ በባለቤታቸው በኩል ዱቄት ወይም ዘይት ማድረስ ይቻላል።

ሴቶች ወደ መነኩሴ ማረፊያ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ልጅ ወይም ጎረቤት አስከትሉ። ይህ የሰውየውን ክብር መጠበቅ ነው። እንደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ወዳለ ብዙ ሰው ለጠበል የሚሄድበት ቦታ ስትሄዱ ደግሞ የቦታውን ሥርዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚያገለግሉትን አባቶች በየደቂቃው ለጸሎት ከመጎተት ተራ ጠብቆ መቆም በራሱ ምስጋና ነው።

ፎቶግራፍ አታንሡ። ካህን ጋቢ ሲቀበሉ የሚያሳይ ምስል በፌስቡክና በቴሌግራም ሲለቀቅ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። የተቀበሉት ሰው በገዛ መንደራቸው ተቸግረው ሲረዱ የታዩ ይሆናሉ፤ የሚያስተምሯቸው ልጆች ያዩታል። ስጦታን ለሰበካ ጉባኤ ምርጫ ወይም ለመሬት ክርክር ምስክርነት ማመቻቻ ማድረግ ደግሞ ከነጭራሹ ምስጋና አይደለም።

በግብዣ ላይ «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» ልክ አላቸው። በበዓል ቀን ካህኑ ብዙ ቤት እንደሚገቡ አውቃችሁ አንድ ጉርሻና አንድ ብርጭቆ ሲበቃቸው ልቀቋቸው። አረቄ አታስገድዱ። የቀረውን በሰሐን አድርጋችሁ ለልጆቻቸው ብትልኩ ቤታቸውም በዓል ይሆንለታል፤ እርሳቸው በየቤቱ ሲባርኩ የዋሉበት ቀን የራሳቸው ልጆች ያለ አባት የበሉበት ቀን ነውና።

አስቸጋሪዎቹ ሳምንታት

ዓመቱን ሙሉ ማድረግ የማይችል ሰው እነዚህን ወቅቶች ይምረጥ።

ፍልሰታ ቀዳሚው ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይቀደሳል፤ ሕፃናት በብዛት ይቆርባሉ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ በገበሬው ጎተራ ደግሞ የአምናው እህል እያለቀ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። አሥራ አምስት ቤቶች ተስማምተው አንዳንድ ቀን ቢይዙ ማንም ሳይጎዳ ካህናቱና ዲያቆናቱ በየቀኑ ከቅዳሴ ወጥተው ትኩስ ሽሮና እንጀራ ያገኛሉ። ተራውን ሐምሌ መጨረሻ ላይ በወረቀት ጽፋችሁ ለሰበካ ጉባኤው ስጡ፤ አለዚያ አንድ ቀን አምስት ቤት ያመጣል፣ በማግሥቱ ማንም አያመጣም።

ሰሙነ ሕማማት ይከተላል። በዚያ ሳምንት መስቀል መሳለም የለም፤ አባቶችን አታስቸግሯቸው። ቀዳም ስዑር ጠዋት ለምለም ቄጤማ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ ብዙዎቹ አክፍለው ነው፤ ምግብ አይቀምሱም። በር ላይ አታስጠብቋቸው። የምትሰጡትን ከማታው አዘጋጅታችሁ፣ ንጹሕ መቀመጫ አውጥታችሁ፣ ቄጤማውን በክብር ተቀበሉ። ቃጭል ይዞ ለሚከተላቸው ልጅም ትንሽ ነገር ይኑራችሁ።

ከተራ ላይ ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀት ሲያድሩ ካህናቱ በድንኳን ያድራሉ፤ የጥር ብርድ ነው። ዕለቱ የገሃድ ጾም ስለሆነ ሥጋና ቅቤ አይወሰድም። ሌሊት የሚቀድሱት ምንም ስለማይቀምሱ «ቀዳሹ ማን ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ምግብ አትዘርጉ። ለሁሉም የሚሆነው ለድንኳኑ ወለል የሚነጠፍ ጭድና ሰሌን፣ የሚደረብ ብርድ ልብስ ነው፤ ጠዋት ታጥፎ የሚመለስ ቢሆንም ይሁን።

የቆሎ ተማሪዎች

የኔታን ማመስገን የሚፈልግ ሰው ተማሪዎቻቸውን ይመግብ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጃችሁ ሲቆሙ መጀመሪያ ውሻችሁን እሰሩ። ቀልድ አይደለም፤ ለእነዚህ ልጆች የውሻ ነገር ከረኃቡ እኩል የሚያስፈራ ነው። የሚለምኑበትን ሰዓት ካወቃችሁ አስቀድማችሁ እሰሩት። የሻገተ እንጀራ አትስጡ፤ ከሌለ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ማለት ይሻላል። አንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን እናንተ ቤት እንዲበላና ልብሱን እንዲያጥብ ከየኔታ ጋር መነጋገርም ይቻላል። ለዲያቆናትና ለካህናት ልጆች ደግሞ መስከረም ሲጠባ ደብተርና እስክሪብቶ ያስፈልጋቸዋል።

ጎረቤት ሙስሊም ከሆነ

በቀወትና በኤፍራታ ሰፈሮች ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ ይኖራል፤ ለቅሶም ሠርግም ይካፈላል። ሙስሊም ጎረቤት ካህኑን ማመስገን ቢፈልግ ሥጋ አይላላኩም እንጂ ዳቦ፣ ቡና፣ ፍራፍሬ፣ ማር ችግር የለበትም። ክርስቲያኑም ለሼሁ በረመዷን ማፍጠሪያ ቴምር ቢያደርስ ያው ነው። ከጎረቤት እርቅ ላይ አብረው የሚቀመጡ ሁለት አባቶች ሁለቱም ሊመሰገኑ ይገባቸዋል።

ባለቤታቸውና ያረጁት

ካህኑ ሌሊት ሲወጡ በሩን የሚዘጉት፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና የሚያፈሉት፣ ነጭ ልብሱን የሚያጥቡት ባለቤታቸው ናቸው። የንስሐ ልጅ ሁሉ ቤታቸው ይመጣል፤ ማንም ግን ለእርሳቸው ብሎ አይመጣም። ገበያ ስትሄዱ «ምን ላምጣልዎ?» በሏቸው፤ ሲወልዱ ገንፎ፣ ሲታመሙ ጥየቃ አይቅርባቸው። ካህን ባላቸው ያረፉባቸው ሴቶችም በየአጥቢያው አሉ። ከተዝካሩ በኋላ ጎብኚያቸው ይጠፋል፤ እነርሱን ከዝርዝራችሁ አታውጡ።

ጉልበታቸው ደክሞ መቀደስ ያቆሙ አባት ዘንድ በወር አንዴ ብቅ ማለት ብዙ አይጠይቅም። ምግብ ከመውሰድ ይልቅ ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው፦ በእርሳቸው ዘመን ማን መሪጌታ እንደነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መቼ እንደታደሰ። በእሑድ ቅዳሴ መገኘት ከፈለጉ ደግሞ ደግፎ የሚወስዳቸውና የሚመልሳቸው ሰው መድቡላቸው።

ከአዲስ አበባና ከሩቅ የምትልኩ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወደ መንዝና ወደ መርሐቤቴ ገጠሮች ግን ዕቃው በመንገደኛ እጅ ይሄዳል። ያጠመቋችሁን ወይም ፊደል ያስቆጠሯችሁን አባት ለማመስገን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ደውሉና ጤንነታቸውን ጠይቁ፤ ስለ ስጦታ በስልክ አትናገሩ፣ «አይሆንም» ብለው ይከለክሏችኋል። ለዘመድ ደውላችሁ የሚጎድላቸውን አጣሩ። ዕቃውን በጆንያ ሰፍታችሁ ስማቸውንና የአጥቢያውን ስም በጉልህ ጻፉበት፤ በአንድ ወረዳ ብዙ ማርያምና ብዙ ጊዮርጊስ ስላለ «ለማርያም ቄስ» ብቻ ብሎ መላክ ሌላ ሰው ቤት ያደርሰዋል። ደብዳቤውን ከውስጥ አስገቡ። ገንዘብ በቴሌብር ስትልኩ በማን ስልክ እንደሚደርስ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የራሳቸው ከሌላቸው የታመነ የቤተሰብ አባል ይሁን። ከሳምንት በኋላ ደውላችሁ መድረሱን ከአድራሹ አረጋግጡ፤ አባን ግን «ደረሰዎት ወይ?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው፤ የደወላችሁበትን ሰዓት የቤተሰባቸውን ደኅንነት በመጠየቅና ጸሎታቸውን በመቀበል ጨርሱት።